ግራው የተውሶ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቁልቢ

ከአዲስ አበባ ወደ ቁልቢ ገብርኤል በመኪና የሄደ ያውቀዋል፤ መንገዱ አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ የሚዘልቀው የክፍያ ፈጣን መንገድ ነው። ሁለተኛው ከአዳማ እስከ አዋሽ ያለው፣ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ተሳቢዎችና ቦቴዎች የሚበዙበት አስፋልት ነው። ሦስተኛው ሚኤሶን አልፎ ወደ ጭሮ ሽቅብ የሚወጣውና በሐረርጌ ተራሮች ትከሻ ላይ እየተጠማዘዘ ቁልቢ የሚያደርሰው ነው። በሦስቱም ላይ አንድ ጥያቄ አብሮን ይጓዛል፤ ከፊታችን ያለውን መኪና መቼና እንዴት እንቅደመው?

ባለፈው ታኅሣሥ ለንግሥ የሄድነው አምስት ሆነን ነው። እናቴ የስለት ዣንጥላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ከኋላ ተቀመጠች፤ ሁለቱ ልጆቼ ግራና ቀኟን ያዙ። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ከፊት፣ ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከ20 ዓመት በላይ ተሳቢ ነድተዋል። መስመራቸው አሰብ ነበር፤ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ ዞሩ። ዛሬም አዳማን ናዝሬት፣ ጭሮን አሰበ ተፈሪ ነው የሚሏቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን ስለ መንገድ ነው።

ሦስት ረድፍ

የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲመረቅ በአገራችን የመጀመሪያው የክፍያ ፈጣን መንገድ ነበር። ከነማገናኛዎቹ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት ረድፍ አለው፤ መሀሉ የተከፈለ፣ ዳርና ዳሩ የታጠረ ነው። ከብቱ የሚሻገረው በሥሩ በተሠራለት መተላለፊያ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም። ለዚህም ነው ብዙዎቻችን ካርዳችንን ተቀብለን ስንገባ ትከሻችን ላላ የሚለው። እዚህ ላይ መቅደም ምን ችግር አለው እንላለን።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። በቀኝ ይነዳል፣ በግራ ይቀደማል፣ ከቀደሙ በኋላ ወደ ቀኝ ይመለሳሉ። የሚጠፋብን የመጨረሻው ነው፤ መመለሱ።

ቢሾፍቱ ሳንደርስ አንድ ነጭ ፒክአፕ የግራውን ረድፍ ይዞ በ80 ይጓዝ ነበር። መሀሉም ቀኙም ባዶ ነው። ከኋላው ሁለት መኪና ተከማችቷል። አንደኛው ረጅም መብራት አበራበት፤ ክላክስ ነፋበት። ፒክአፑ አልሰማም። ትዕግሥቱ ያለቀው የኋለኛው መኪና ወደ መሀል ወጥቶ በቀኝ በኩል ሊቀድመው ተስፈነጠረ። ፒክአፑም ወደ ቀኝ መመለስ ትዝ ያለው ልክ በዚያች ቅጽበት ነበር። ሊላተሙ ክንድ ሲቀራቸው ሁለቱም ፍሬን ያዙ። ከእኛ መኪና ውስጥ እናቴ “ገብርኤል!” ስትል ብቻ ተሰማ።

ጋሼ ወደ ኋላ ዞር ብለው የ10 ዓመት ልጄን “ማን አጠፋ?” ሲሉ ጠየቁት።

“በቀኝ ሊቀድም የወጣው።”

“እሱማ አጠፋ። ያስጠፋውስ?”

ልጁ ዝም አለ። ጋሼ ቀጠሉ። “ግራው የተውሶ ነው። ከጎረቤት ወንፊት የተዋሰ ሰው ዱቄቱን ነፍቶ ይመልሳል። ይዞት አያድርም።”

“የእኛ ጎረቤት ግን ታሳድራለች” ብላ እናቴ አሳቀችን።

ከዚህ መንገድ ላይ ደጋግሜ የምሰማው ክርክር አለ። “የተፈቀደው ፍጥነት 120 ነው፤ እኔም 120 እየነዳሁ ነው፤ ከእኔ በላይ የሚሮጥ ሕግ እየጣሰ ስለሆነ አላሳልፈውም” ይላሉ። ክርክሩ ለጆሮ ደህና ነው፤ አስፋልት ላይ ግን አይሠራም። ከኋላችን የመጣውን ችኩል ግራውን በመዝጋት ቀስ አናሰኘውም። ከጀርባችን ተለጥፎ እንዲነዳ ወይም በማናየው በቀኝ በኩል እንዲያልፍ እንገፋዋለን። የእሱ ጥፋት ከእኛ ልጆች አጠገብ እንዲፈጸም መንገድ ከፈትንለት ማለት ነው። ይለፍ፤ ይራቅ። ለፍጥነቱ የሚጠይቀው የትራፊክ ፖሊስ አለ።

በቢሾፍቱና በሞጆ መግቢያዎች ላይ ደግሞ ሌላ ደግነት አለ። በቀኝ ረድፍ ስንነዳ ከማገናኛው አዲስ መኪና ሲገባ ካየን፣ ስፖኪዮ አይተን፣ ፍሬቻ አሳይተን፣ መሀሉ ክፍት ከሆነ ወደዚያ ማለፍ ነው። ገቢው እስኪረጋጋ ቦታ ይኖረዋል። ክፍት ካልሆነም ነዳጅ ለቀቅ አድርጎ ክፍተት መስጠት ይበቃል። አዳማ ስንቃረብ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ነጫጭ ክንፎች ብቅ አሉና ልጆቹ መቁጠር ጀመሩ። ፈጣኑ መንገድ እዚያ ያበቃል።

75 ሰከንድ

ጋሼ ናዝሬት ያደጉ ናቸው። አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር። መንገድ የቀየርነው በዚያ ዓመት ነው። ያኔ ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው መንገድ ከማቋረጣቸው በፊት የሚያዩትን አቅጣጫ እንደ አዲስ ሲያስተምሯቸው ትዝ ይላቸዋል። “ቀኝህን ያዝ ብለው ለአገሩ ሁሉ ያስተማሩት በአንድ ዘመን ነው” ይላሉ። “አሁን እንደገና ማስተማር ሳያስፈልግ አይቀርም።”

ከአዳማ በኋላ ግራው የእውነት የሰው ነው። አስፋልቱ ሁለት አቅጣጫ ብቻ ስላለው፣ ስንቀድም የምንይዘው ከፊት የሚመጣውን ሰው መንገድ ነው። ከፊታችን ደግሞ ተሳቢ ከተሳቢ ኋላ ተሰልፏል። የተሳቢው ሾፌር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ እኛ የማናየውን ያያል። ስለዚህ የመስመሩ ሾፌሮች በፍሬቻ ይነጋገራሉ። ተሳቢው ቀኝ ፍሬቻ ብልጭ ካደረገ “ከፊቴ ባዶ ነው፣ እለፍ” ማለቱ ነው። ግራ ፍሬቻ ካሳየ “የሚመጣ አለ፣ ቆይ” ይላል። ያለፈው ሰው በአጭር ክላክስ ወይም እጁን አውጥቶ ያመሰግናል።

የ7 ዓመቷ ልጄ ይህን ስታውቅ ጨዋታ አደረገችው። “አባባ፣ እለፍ አለው! አባባ፣ ቆይ አለው!” እያለች ስትጮህ ጋሼ ፈገግ አሉና አንድ ነገር ጨመሩላት። የግራው ምልክት አያሳስትም፤ “የሚመጣ አለ” ቢሆንም፣ “እኔ ራሴ ወደ ግራ ልታጠፍ ነው” ቢሆንም መልሱ ያው ነው፤ አትለፍ። የሚያሳስተው የቀኙ ነው። “እለፍ” ሊሆን ይችላል፤ “ዳር ይዤ ልቆም ነው” ሊሆንም ይችላል። በዚያ ላይ ተሳቢው ቢሳሳት ከፊት የሚመጣውን የምንጋጨው እኛ ነን። “የሰው ፍሬቻ ምክር ነው” አሉ ጋሼ፤ “መሪውን የያዝከው አንተ ነህ። በገዛ ዓይንህ ሳታይ አትውጣ።”

በተለይ የሚያስፈራቸው ተከትሎ መውጣት ነው። አንዱ ሾፌር አይቶ፣ ለክቶ፣ ይወጣል። ከኋላው ያለው ደግሞ የፊተኛውን ጀርባ ብቻ እያየ አብሮት ይወጣል። የመጀመሪያው በጊዜ ይገባል፤ ሁለተኛው መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። መንገድ የተዋሰው የመጀመሪያው ነው፤ ለሁለተኛው ማንም አላዋሰውም።

መተሐራ ላይ የጾም ምሳ ስንበላ ልጄ በሶፍት ላይ ሒሳብ እንዲሠራ ጋሼ አዘዙት። ተሳቢው ከነሙሉ ርዝመቱ 20 ሜትር ነው እንበል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እኛ በ80 እንቀድመዋለን። 20 ሜትር ያህል ከኋላው ርቀን ስንነሳ፣ ካለፍነውም በኋላ 20 ሜትር ርቀን ስንገባ፣ ከራሳችን መኪና ጋር 65 ሜትር መብለጥ አለብን። በሰከንድ የምንበልጠው ግን 5 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ውጤቱ 12 ሰከንድ ነው። በ12 ሰከንድ እኛ 260 ሜትር ያህል እንሄዳለን። ከፊት በ80 የሚመጣውም ሌላ 260 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ግራውን ከመያዛችን በፊት ቢያንስ ከ520 ሜትር በላይ ባዶ አስፋልት ማየት አለብን፤ አምስት የእግር ኳስ ሜዳ ቢደረደር ማለት ነው። ያንን ያህል የማይታይበት ቦታ ላይ የሚቀድም ሰው በዕድሉ ነው የሚቀድመው።

ከዚያ ሁለተኛውን ሒሳብ ሰጡት። ተሳቢውን ሳንቀድም 5 ኪሎ ሜትር ብንከተለውስ? በ60 አምስት ደቂቃ ይፈጅብናል። በ80 ብንሄድ ኖሮ 3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነበር። የዘገየነው 75 ሰከንድ ነው።

ልጄ ቁጥሩን ደግሞ አየው። “እና ሰዎቹ የሚሞቱት ለ75 ሰከንድ ነው?”

ማንም አልመለሰለትም። ከመተሐራ በፊትም ከዚያም በኋላ፣ ጋሼ በሁለት ቦታ ላይ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው ሲያደርጉ ልጆቹ አይተዋል። ጠይቀው ነበር፤ እናቴ በዓይኗ ዝም አሰኘቻቸው። ለእኛ ኩርባና ሜዳ የሆነው ለእሳቸው የሰው ስም ነው። አብረዋቸው ያደሩ፣ አብረዋቸው ጎማ የቀየሩ ሰዎች ስም። አንዱ ራሱ ሊቀድም ወጥቶ ነው። ሌላው ግን ቀኙን ይዞ፣ በራሱ መንገድ ላይ እያለ፣ ከፊቱ የሌላ ሰው ችኮላ መጣበት።

መተሐራ ዳር በሰቃ ሐይቅ መንገዱን እየገፋ ስለመጣ አስፋልቱ በተሞላ አፈር ላይ ከፍ ብሎ ያልፋል። ከወዲያም ከወዲህም ውኃ ነው። ከዚያ የፈንታሌ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይቀጥላል። ለዓይን ያማረ ቦታ ነው፤ ለሾፌር ግን መሸሻ የለውም። የሚቀድም ሰው ከፊቱ መኪና ቢመጣበት ወደ ዳር የሚያመልጥበት ስፍራ የለም። ግመልና ከብትም ሳይታሰብ ያቋርጣል። እዚህ ላይ ቀኝን ይዞ ሐይቁን እያዩ መከተል የመንገዱ ግብዣ ነው።

የዚህ መስመር ሌላው ቋንቋ ቅጠል ነው። አስፋልት ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ወይም ተራ በተራ የተደረደረ ድንጋይ ካየን ከፊት የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። ከአዋሽ በፊት ቅርንጫፍ አይተን ቀስ አልን፤ ከኩርባው በኋላ ጎማው የፈነዳ ቦቴ ግማሽ መንገድ ይዞ ቆሟል። ቅርንጫፉ ባይኖር የምናየው ስንደርስበት ነበር። ነገር ግን ሥራውን ጨርሶ ድንጋዩን መንገድ ላይ ትቶ የሚሄድም አለ። በሌሊት ለሚመጣው ያ ድንጋይ ወጥመድ ነው። ጋሼ ይህን ዓይነቱን “በልቶ ሰሃኑን ሰው ራስ ላይ የሚደፋ” ይሉታል።

ለሚወጣ፣ ለሚሄድ፣ ለሚቸኩል

አዋሽ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ከተሳቢዎቹ ብዙዎቹ ወደ ሚሌ አቅጣጫ ይታጠፋሉ፤ ቁልቢ የሚሄደው ወደ ሚኤሶ ይቀጥላል። ሞቃቱን ሜዳ ጨርሰን ወደ ጭሮ መውጣት ስንጀምር አየሩ ቀዘቀዘ፤ ልጆቹ ጋቢ ውስጥ ገቡ። ተራራው ላይ ሥርዓቱ እንደገና ይለወጣል፤ ከመቅደም ይልቅ ማሳለፍ ይበዛበታል።

ጠባብ ቦታ ላይ ሁለት መኪና ፊት ለፊት ሲገናኝ የሚወርደው ለሚወጣው ይቆማል። ጭነት ይዞ ዳገት የጀመረ መኪና ከቆመ ለመነሳት ይቸገራል። የሚወርደው በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መጥቶ ጥግ ይይዛል። ማንም ባይጽፍለት ተራራው ላይ ያደገ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። የማይታይ ኩርባ ላይ ቀን ቀን አጭር ክላክስ፣ ማታ ማታ መብራት ብልጭ ይደረጋል። ረጅም መብራት አብርቶ ሰውን ማሳወር ግን ሰላምታ አይደለም።

ከሂርና በኋላ ጫት የጫነ አይሱዙ ከኋላችን መጣ። እንዴት እንደሚነዱ የሐረርጌን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ክላክሱ አያቋርጥም። ጋሼ “አትወዳደረው፤ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኝ ዳር ያዝለት” አሉኝ። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሄደን፣ ቀኝ ፍሬቻ አሳይቼ ዳር ያዝኩ። አይሱዙው አለፈ። ከኋላው ደግሞ እኔን ሲከተሉ የቆዩ አራት መኪኖች አለፉ። ዝግ ብሎ መንዳት መብት ነው። ከኋላ የተሰለፈውን እያዩ ግን መንገዱን ለብቻ መያዝ ሌላውን በኩርባ ላይ እንዲቀድም መግፋት ነው። አዛውንት አባት ያለው ሾፌር፣ ሕፃን የያዘ ሾፌር፣ ዝግ ብሎ የሚነዳ ሁሉ፣ በየተወሰነ ርቀት ዳር ይዞ ኋለኞቹን ቢለቅቅ ሁለቱም ወገን በሰላም ይገባል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ሌላው ሊቀድመን ግራውን ከያዘ በኋላ ነዳጅ የምንጨምር አለን። ለምን እንደሆነ ራሳችንንም ብንጠየቅ መልስ የለንም፤ ልባችን እልህ ይይዘዋል። ያ ሰው ግን አሁን በሌላ ሰው መንገድ ላይ ነው፤ በፍጥነት መመለስ አለበት። የሚመለስበት ቦታ ያለው እኛ ዘንድ ነው። እግራችንን ከነዳጅ ላይ አንስተን ማስገባት እሱን ብቻ አያተርፍም። ከፊት የሚመጣውን የማናውቀውን ቤተሰብም ያተርፋል።

ጨለንቆን አልፈን ቁልቢ ስንቃረብ አስፋልቱ ዳር ሰው በሰው ሆነ። ለስለታቸው በእግር የሚሄዱ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ነጠላ ለብሰው የሚዘምሩ፣ ደክሟቸው ዳር የተቀመጡ። አውቶቡሶች እየቆሙ ሰው ያወርዳሉ። ልጆቻችን ሁሉ ሊያውቁት የሚገባው ቦታ ይህ ነው። ከቆመ አውቶቡስ ፊት ሁልጊዜ የማናየው ሰው አለ ብለን እንንዳ። አዲስ አበባም ዜብራ ላይ እንዲሁ ነው። አንዱ መኪና ለእግረኛ ሲቆም ሌላው በጎኑ ቀድሞት ያልፋል። የቆመው ሰው ለምን እንደቆመ ሳይገባን መቅደም የለብንም። ጋሼ መስኮቱን ከፍተው “ቀስ፣ ቀስ” እያሉኝ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች በሰው እግር ፍጥነት ሄድን።

ከኋላ ወንበር

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ብዙዎቻችን መሪ አንይዝም። በቅጥቅጥ፣ በአባዱላ፣ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው የምንጓዘው። ሾፌሩ ኩርባ ላይ ሲቀድም ልባችን እየመታ ዝም እንላለን፤ “የሚመለከተው ይናገር” እንላለን፤ ወይም እንጸልያለን። ጸሎቱ ይቀጥል። ግን ከፊት ወንበር ያሉ እናት “ልጄ፣ ቀስ በል፤ የሚጠብቁን አሉ” ሲሉ የሰማ ሾፌር ብዙ ጊዜ ይሰማል። አንድ ሰው ሲናገር ሌላውም ድፍረት ያገኛል። አምስት ሰው ሲናገር ረዳቱም ጭምር “በል ቀስ በል” ይላል። ይህ ስድብ ሊሆን አይገባም፤ ሾፌሩም ልጅ ያለው ሰው ነው።

የራሳችንን መኪና የምንነዳ ደግሞ ከመነሳታችን በፊት ሰዓት እናሰላ። ቁልቢ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዘግይቶ የተነሳ ሰው በየተሳቢው ጀርባ ላይ የጠፋበትን ሰዓት ለማስመለስ ይሞክራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው የማሽላና የጤፍ ነገር ነው፤ ይህ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። በጠዋት መነሳት፣ በጨለማ አለመጓዝ፣ ሁሉንም በደህንነት ቀበቶ ማሰር፣ ሾፌሩ ሲደክመው ማረፍ። እነዚህን ከሠራን መንገድ ላይ የምንቀድመው መኪና ያንሳል።

ልጆች መንዳት የሚጀምሩት 18 ዓመት ሲሞላቸው አይደለም። ከኋላ ወንበር ሆነው፣ እኛ በግራ የቀረውን ስንሰድብ፣ ፍሬቻ ያሳየንን ስናመሰግን፣ ወይም ሳናይ ስንወጣ እያዩ ነው የሚጀምሩት። ቁልቢ ደርሰን ከመኪና ስንወርድ ልጄ ጋሼን በቀኝ በኩል አቅፎ ሕዝቡን እያሳለፈ ወደ ግቢው ይዟቸው ሄደ። ከኋላቸው በዱላ የሚራመዱ አንድ ሽማግሌ ሲመጡ አያቸውና ጥግ ያዘ። “አባባ፣ ይለፉ” አላቸው።